ጠቅላላ ድምሩ ኔጋቲቭ ሆነብኝ፤ ኢንት 21 ሚሊዮን ብር አይችልም እንዴ?

ሳንቲም_ቆጣሪ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌ ነበር። የአባላቱን ቁጠባ ይመዘግባል፣ በወር መጨረሻ ድምሩን ያትማል፣ በቃ። ሁለት ዓመት ያለ ኮሽታ ሠራ። ትናንት የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ደውለው «ልጄ፣ ከሠርን ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?» አሉኝ። ሮጬ ሄጄ ሳይ ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ይኼ ነው፦

ጠቅላላ ቁጠባ፦ -21349672.-96 ብር

ከነጥቡ በኋላ ያለችው ሁለተኛዋ የመቀነስ ምልክት የኔ ስሕተት አይደለችም፣ ልክ እንዲህ ነው የታተመው። ባለፈው ወር 21 ሚሊዮን ከምናምን ብሎ ነበር፣ ልክም ነበር። ኮዱን አልነካሁትም። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከመጠባበቂያው መለስኩት፤ ያው ነው። ቫይረስ ይሆን?

(ከስልክ ነው የምጽፈው፣ ኪቦርዱም አማርኛ ብቻ ነው፤ የኮድ ስሞቹን በፊደል ሳሰፍር ታገሡኝ።)

እመቤት_ቢት፦

ቫይረስ የለብህም። ልገምት? ገንዘቡን በሳንቲም ነው የያዝከው፣ ድምሩን ያስቀመጥክበት ቫሪያብል ኢንት (ድፍን ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ነው፣ ትክክለኛው ድምር ደግሞ 21,600,000 ብር ከዜሮ ዜሮ ነው።

ሳንቲም_ቆጣሪ፦

በስመ አብ! አሁን በካልኩሌተር ደምረው ነገሩኝ፣ ልክ 21,600,000። እንዴት አወቅሽ? ኮዱን እንኳ አላሳየሁሽም።

እመቤት_ቢት፦

ጥንቆላ አይደለም፣ መደመር ነው። ባለ 32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 ቦታ ያለው) ኢንት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ሳንቲም ነው ካልን 21,474,836 ብር ከ47። የማኅበሩ ገንዘብ በዚህ ወር አጥሩን ዘለለ። 2,160,000,000 ሳንቲም እዚያ ውስጥ ስለማይገባ 4,294,967,296 ተቀንሶለት -2,134,967,296 ሆኖ ተቀመጠ። ያ የተቀነሰው በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉ ቁጥሮች ብዛት ነው፤ በብር 42,949,672.96። አንተ ባሳየኸን ላይ እሱን ስደምርበት 21,600,000.00 ወጣልኝ። አሮጌ መኪና ላይ ኪሎሜትር ቆጣሪው ሲሞላ ወደ ዜሮ እንደሚመለሰው ነው፤ ልዩነቱ ኢንት ሲሞላ የሚወድቀው ዜሮ ላይ ሳይሆን ከታች፣ -2,147,483,648 ላይ መሆኑ ነው።

ኮዱን ያሳየችኝ ደግሞ ያቺ ሁለተኛዋ ምልክት ናት። ብሩን በ100 አካፍለህ፣ ሳንቲሙን ደግሞ በ100 ሲካፈል የሚተርፈውን ወስደህ፣ መሀላቸው ነጥብ ጣል አድርገህ ታትማለህ። ከሲ99 ወዲህ የኢንት ማካፈል ሁልጊዜ ወደ ዜሮ አቅጣጫ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ቀሪው የተካፋዩን ምልክት ይወርሳል፦ -21349672 እና -96። በደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር በሚይዘው ዓይነት) ይዘኸው ቢሆን ኖሮ ያቺ ምልክት አትኖርም ነበር።

አንድ ነገር ልብ በል፦ «ዞሮ ኔጋቲቭ ሆነ» ያልኩት አንተ ማሽን ላይ የሆነውን ነው። ስታንዳርዱ፣ ማለትም የሲ ቋንቋ ደንብ፣ እንዲህ ይሆናል ብሎ ቃል አልገባልህም። አንሳይንድ (ምልክት አልባ) ኢንት ቢሞላ ዞሮ ከዜሮ እንደሚጀምር በግልጽ ተጽፏል። ምልክት ያለው ኢንት ሲሞላ ግን አንዲፋይንድ ነው፤ ስታንዳርዱ «ከዚህ በኋላ ለሚሆነው የለሁበትም» የሚልበት ቦታ ማለት ነው።

ሊኑክስ_በጀበና፦

ይህን ያህል ምን ያስጽፋል? ኢንት ያልከውን ሎንግ በለው፣ ኮምፓይል አድርግ (ወደ ማሽን ቋንቋ መልሰው)፣ ቡናህን ጠጣ።

ፈጣን_ጣት፦

ወይም ደብል። እስከ 10 ፓወር 308 ይደርሳል፣ ማኅበሩ እዚያ ከደረሰ እኔም አባል እሆናለሁ።

ሳንቲም_ቆጣሪ፦

ሎንግ አልኩት። ቤት ላፕቶፔ ላይ፣ ኡቡንቱ ነው፣ 21600000.00 አለ። ደስ ብሎኝ ኮዱን በፍላሽ ይዤ ማኅበሩ ጋ ሄድኩ። እዚያው ዊንዶውሱ ላይ ኮምፓይል አድርጌ ባስነሣው…

-21349672.-96

ያውም ኮምፒውተሩ ባለ 64 ቢት ነው! ሒሳብ ሠራተኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እያዩኝ ነው። በጀበና፣ ቡናው ቀዘቀዘ።

ከሽቱትጋርት፦

እኔ መኪና ውስጥ ለሚገቡ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ነው ኮድ የምጽፈው፣ የሎንግ ነገር የዕለት እንጀራዬ ነው። ባለ 64 ቢት ሊኑክስና ማክ ላይ ሎንግ 64 ቢት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ግን ሎንግ እስከ ዛሬ 32 ቢት ነው፤ የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ብለው ነው የተዉት። ስለዚህ እዚያ ሎንግ ያው ኢንት ነው፣ ስሙ ብቻ ረዘመ።

ሁለቱም ስታንዳርዱን አልጣሱም። ስታንዳርዱ «ከዚህ አያንስም» ነው የሚለው። ኢንት ከ16 ቢት አያንስም፣ ሎንግ ከ32፣ ሎንግ ሎንግ ከ64። ከዚያ በላይ ኮምፓይለሩ የፈቀደውን ያደርጋል፣ ያደረገውንም ሊሚትስ በሚባለው ሄደር (የመግለጫ ፋይል) ውስጥ ይነግርሃል፦ ኢንት_ማክስ፣ ሎንግ_ማክስ፣ ኤልሎንግ_ማክስ እያለ። ሁለቱም ማሽኖችህ ላይ ሎንግ_ማክስን አሳትም፣ ልዩነቱን በዐይንህ ታያለህ።

ለገንዘብ ሎንግ ሎንግ ተጠቀም፣ ወይም ስቲዲኢንት ሄደር ውስጥ ያለውን ኢንት64_ቲ፤ ስሙ ራሱ ስንት ቢት እንደሆነ ይናገራል። 9,223,372,036,854,775,807 ሳንቲም ይይዛል፣ ከ92 ሺህ ትሪሊዮን ብር በላይ። አታሚው ፈንክሽን ፕሪንትኤፍ ውስጥ ያለውን የዓይነት ምልክትም አብረህ ቀይር፤ በመቶ ዲ ብለህ ብትተወው ማስቀመጫው ሰፍቶም አታሚው ይሳሳታል።

ጡረተኛው_መምህር፦

ልጆች፣ እኔ ይህን ቋንቋ ያስተማርኩት በቱርቦ ሲ ነው፣ ዶስ ላይ። እዚያ ኢንት 16 ቢት ነበር፣ ጣሪያው 32,767። ተማሪዎቼ የሰባትን ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 7 ያሉት ሲባዙ) ሲያወጡ 5,040፣ ደስታ። የስምንትን ሲያወጡ 40,320 ይጠብቃሉ፤ ማሽኑ -25,216 ይላቸዋል። አንዱ ተማሪ «መምህር፣ ዛሬ መብራት ዝቅ ብሏል መሰለኝ» ያለኝን አልረሳውም።

ዛሬ በየላፕቶፑና በየዴስክቶፑ ላይ ኢንት 32 ቢት ስለሆነ ይህ ትምህርት ተረሳ። አሁን ደግሞ ብሩ ራሱ አድጎ 32 ቢትን ያዘው።

እግረ መንገዴን፦ ጊዜ ያለው የሊሚትስን ሄደር ራሱን ይክፈተው፣ ያስደስታል። ኢንት_ማክስ በቀጥታ ቁጥር ሆኖ ተጽፎ ይገኛል። ትንሹ፣ ኢንት_ሚን፣ ግን -2147483648 ተብሎ አይጻፍም፤ «ከማክስ ፊት የመቀነስ ምልክት፣ ከዚያ ሲቀነስ 1» ተብሎ ነው። ለምን? በሲ ኔጋቲቭ ቁጥር የሚባል ጽሑፍ የለም። ኮምፓይለሩ መጀመሪያ 2147483648 የሚለውን ያነባል፣ ምልክቱን የሚያደርግበት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ገና ምልክቱ ሳይደረግበት ኢንት ውስጥ ስለማይገባ ዓይነቱ ይቀየራል። ሁለት መስመር ነገር ነው፣ ግን ፈተና ላይ ስንቱን ጥዬበታለሁ።

ፈጣን_ጣት፦

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ደብል ያልኩት ለምን አይሆንም?

እመቤት_ቢት፦

መምህርን ከማድከም እኔ ልመልስ። ደብል መጠኑ ሰፊ ነው፣ ድፍን ያለ አይደለም። አስር ሳንቲምን 0.1 ብር ብለህ ብትይዘው በሁለትዮሽ በትክክል አይጻፍም። አስሩን ደምረህ 1 ነው ወይ ብለህ ጠይቀው፣ አይደለም ይልሃል፤ 0.9999999999999999 ነው የያዘው። ፍሎት (የደብል ታናሽ) ከሆነማ ባሰ፦ 16,777,216 ላይ 1 ብትደምርለት ያው 16,777,216 ነው። በብር የያዘ ፕሮግራም ቢሆን አንድ አባል አንድ ብር አስገብቶ ማኅበሩ ምንም አልደረሰኝም ይለው ነበር።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ደብል ውስጥ ድፍን ሳንቲም ብቻ ከያዝክ እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ አይሳሳትም። ለማኅበሩ ይበቃ ነበር። ግን አንድ ቀን አንዱ መጥቶ በ100 ያካፍለዋል።

ፈጣን_ጣት፦

እሺ ተሸነፍኩ። ስለ ደብል ከተነሣ አይቀር አንዴ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። የሙቀት መለኪያ ንባቦች ውስጥ ትልቁን ስፈልግ መነሻዬን ዲቢኤል_ሚን አደረግኩ፣ ኢንት_ሚን ትንሹ እንደሆነው እሱም ትንሹ ነው ብዬ። ንባቦቹ ሁሉ ከዜሮ በታች ነበሩ፣ የማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ፕሮግራሙ ትልቁ ሙቀት 0.000000 ነው አለኝ። ለካ ዲቢኤል_ሚን ከዜሮ በላይ ያለ ሚጢጢ ቁጥር ነው፣ 2.2 ሲባዛ 10 ፓወር ኔጋቲቭ 308። ከታች ያለውን ዳር የሚፈልግ ዲቢኤል_ማክስን በመቀነስ ምልክት ነው መጻፍ ያለበት። ስሙን ያወጣው ሰው ይቅር ይበለው እግዜር።

ሳንቲም_ቆጣሪ፦

ሎንግ ሎንግ አደረግኩት፣ ድምሩ ቢሮም ቤትም ልክ ሆነ። ተመስገን። ግን አዲስ ጉድ መጣ። ሌላ መስመር አለኝ፣ የሚጠበቀውን ዓመታዊ መዋጮ የሚያሰላ። ጠቅላላውን ሎንግ ሎንግ አድርጌዋለሁ፣ እዚያ የማስቀምጠው የአባላቱን ብዛት ሲባዛ መዋጮውን በሳንቲም ነው። 480 አባል፣ እያንዳንዱ 50,000 ብር። 24 ሚሊዮን መሆን ነበረበት፤ -18949672.-96 ይለኛል። ሎንግ ሎንግ ራሱ ሞልቶ ነው?

ከሽቱትጋርት፦

ሎንግ ሎንጉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የሞላው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው። አባላቱ ኢንት፣ መዋጮው ኢንት። ሲ የሚያየው ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን ብቻ ነው፤ ኢንት በኢንት ሲባዛ ውጤቱ ኢንት ነው። 480 ሲባዛ 5,000,000፣ 2,400,000,000፣ እዚያው ላይ ፈሰሰ። የፈሰሰውን ነው ሰፊው ዕቃ ውስጥ የገለበጥከው። በእንስራ ቀድተህ ወደ በርሜል ብታፈስ በርሜሉ እንስራውን አያሰፋውም።

ከማባዛቱ በፊት አንዱን ወደ ሎንግ ሎንግ ቀይረው፣ ሌላው ተከትሎ ይሰፋል። ከውጭ በቅንፍ ጠቅልለህ ውጤቱን ብትቀይረው ግን ዋጋ የለውም፣ ረፍዷል።

ሊኑክስ_በጀበና፦

በሎንጉ ስላሳፈርኩህ ልካስህ። እኔ ሁልጊዜ ከደመርኩ በኋላ አረጋግጣለሁ፦ ሀ ሲደመር ለ ከሀ ካነሰ ሞልቷል ማለት ነው፣ «ስሕተት» ብዬ አቆማለሁ። ለ ፖዘቲቭ መሆኑን ካወቅክ ይኼ ይይዘዋል።

እመቤት_ቢት፦

በጀበና፣ ይቺን ኮድ በማሻሻያ ደረጃ 2 ኮምፓይል አድርገህ አሴምብሊውን (ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ትእዛዝ) አይተህ ታውቃለህ?

ሊኑክስ_በጀበና፦

አይቼ አላውቅም… ቆይ።

ሊኑክስ_በጀበና፦

የለም። ጠፍቷል! ማረጋገጫው ራሱ የለም፣ ኮምፓይለሬ ጂሲሲ ሙሉውን ኢፍ አጥፍቶታል። ማስጠንቀቂያ እንኳ አልሰጠኝም።

እመቤት_ቢት፦

ከላይ «ስታንዳርዱ የለሁበትም አለ» ያልኩት እዚህ ነው የሚያቃጥለው። ኮምፓይለሩ የሚያስበው እንዲህ ነው፦ «ኢንት ሞልቶ መፍሰስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ይህ ሰው አያፈስም። ካላፈሰሰ ደግሞ ፖዘቲቭ ቁጥር የተደመረበት ነገር በጭራሽ አያንስም። እንግዲህ ይህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አይደለም ነው፤ ምን አስቀመጠው?» ብሎ ያወጣዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ አንተ ጋ ኮምፓይለሩ ውሻውንም ሸጠው።

መጠየቅ ያለብህ ከመደመርህ በፊት ነው፦ ለ ከ«ኢንት_ማክስ ሲቀነስ ሀ» ይበልጣል? ሀ ኔጋቲቭ እስካልሆነ ድረስ ይህ ጥያቄ ራሱ አይፈስም። ጂሲሲና ክላንግ ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ውስጠ ግንብ ፈንክሽን አላቸው፣ ደምሮ ውጤቱን ያስቀምጥልሃል፣ ሞልቶ እንደሆነም ይመልስልሃል። ሲ23 ላይ ይኸው ነገር የራሱ ሄደር ተሰጥቶት ስታንዳርድ ውስጥ ገብቷል። በሙከራ ጊዜ የጂሲሲን የአንዲፋይንድ ሳኒታይዘር (ፕሮግራሙ ሲሮጥ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚይዝ መፈተሻ) አብርቶ ማስኬድም አለ፤ ፋይሉን፣ መስመሩን፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጠርቶ ይከስሃል። ሳንቲም ቆጣሪ ያን አብርቶት ቢሆን የመዋጮውን መስመር እኛን ሳይጠይቅ ያገኘው ነበር።

ፒያሳ_ኮደር፦

በዚህ ምክንያት አይደል እንዴ የአውሮፓውያኑ አሪያን 5 ሮኬት የፈነዳው? በሲ ስለጻፉት።

ጡረተኛው_መምህር፦

ግማሹ ልክ ነው ልጄ። በፈረንጆቹ ጁን 4 ቀን 1996 ከኩሩ ማስወንጨፊያ ጣቢያ ተወንጭፎ ገና ደቂቃ ሳይሞላው ነው የፈነዳው። ባለ 64 ቢት ፍሎት ወደ ባለ 16 ቢት ኢንት ሲቀየር አልገባ አለ። ቋንቋው ግን ሲ ሳይሆን ኤዳ ነበር። ኤዳ ደግሞ ዝም ብሎ አላዞረውም፣ ስሕተት ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱን የሚቀበል ኮድ አልነበረም። ኮዱ ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር፣ በዚያ ሮኬት ፍጥነት ቁጥሩ ያን ያህል አያድግም። መጠባበቂያው ኮምፒውተርም ያንኑ ኮድ ስለያዘ በዚያው ቁጥር ወደቀ።

ራስፕቤሪ_ለሁሉ፦

የኔ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል። ፋይል ጨርሶ እስኪያልቅ ፊደል በፊደል የሚያነብ ፕሮግራም አለኝ፣ ላፕቶፔ ላይ በሥርዓቱ ይቆማል፣ ትንሿ ኮምፒውተሬ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ግን ለዘላለም ይሽከረከራል። ያነበብኩትን የማስቀምጠው ቻር (አንድ ባይት የሚይዝ ዓይነት) ውስጥ ነው።

ከሽቱትጋርት፦

አልወጣህም። ቻር ምልክት ይኑረው አይኑረው የኮምፓይለሩ ምርጫ ነው። ላፕቶፕህ ላይ ከ-128 እስከ 127፣ ፓይህ ላይ ከ0 እስከ 255። የፋይል መጨረሻ -1 ሆኖ ይመጣል፣ ፓይህ ላይ 255 ሆኖ ይቀመጣል፣ ከዚያ 255 ከ-1 ጋር እኩል አይደለም። ጌትቻር የሚመልሰው ኢንት የሆነው ለዚህ ነው፤ በኢንት ተቀበለው። ላፕቶፕህም ጤነኛ አይደለም፣ 255 የሆነ ባይት ሲያገኝ ፋይሉ ሳያልቅ ይቆማል።

ሳንቲም_ቆጣሪ፦

ተመልሼ መጣሁ፣ አታባሩኝ። ድምሩም መዋጮውም ተስተካከለ። እናንተ ካስፈራራችሁኝ በኋላ ኢንት ያለበትን ሁሉ ስፈትሽ የብድር መክፈያ ሰሌዳውን አየሁት። የቤት ብድር 15 ዓመት ነው፣ 180 ክፍያ። ከጥቅምት 2018 የሚጀምር አንድ ብድር ለሙከራ አስገባሁ። እስከ 148ኛው ክፍያ፣ ጥር 1 ቀን 2030፣ ቆንጆ ነው። 149ኛው፣ የካቲት 1 ቀን 2030 መሆን የነበረበት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1894 ይላል! ይህ ቤት ሊኑክስ ላይ ነው። ቢሮ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 149ኛው ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ራሱ ይዘጋል። ቀኑን የያዝኩት በሰከንድ ነው፣ ከ1970 ጀምሮ… ኢንት ውስጥ።

እመቤት_ቢት፦

ይኸውልህ፣ ያው 2,147,483,647 ነው፣ አሁን ሳንቲም መሆኑን ትቶ ሰከንድ ሆነ። ኢንቱ ሲሞላ ዞሮ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ላይ ይወድቃል፣ በኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894፤ ያንተ 149ኛ ክፍያ ከሚሞላበት ቀን 20 ቀን ስለሚዘገይ ታኅሣሥ 24 አለ። ዊንዶውሱ የሚዘጋው ሰከንድን ወደ ቀን የሚመልሰው ሎካልታይም እዚያ ከ1970 በፊት ያለ ሰከንድ ሲሰጡት ነል (ባዶ አድራሻ) ስለሚመልስ ነው፤ አንተም ሳታይ ነሉን ልታነበው ሄድክ። ሲ ራሱ ለጊዜ ያዘጋጀው ዓይነት፣ ታይም_ቲ፣ አሁን ሁለቱም ማሽኖችህ ላይ 64 ቢት ሳይሆን አይቀርም፣ አንተ ነህ ወደ ኢንት ያጠበብከው። መጠኑን በሚነግርህ ሳይዝኦፍ አረጋግጠህ ተወው፣ አታጥብበው። ፋይል ውስጥ የምታስቀምጠውም 64 ቢት ይሁን፤ የቆዩት መዝገቦች ባለ 32 ናቸውና አንድ ጊዜ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልግሃል።

ጡረተኛው_መምህር፦

ሰዓቱን አስልቼው ነበር፣ ወረቀት ላይ። የሚሞላው በግሪንዊች ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በፈረንጆቹ ሰዓት ከሌሊቱ 3፡14 ከ7 ሰከንድ ነው። ሦስት ሰዓት ጨምረን ወደኛ ስንመልሰው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥር 11! ጥምቀት ነው። እኛ ባሕሩ ዳር ቆመን ጸበሉ እስኪረጭ ስንጠብቅ፣ አንድ ቦታ ያለ አሮጌ ማሽን ምኒልክ ዘመን ይገባል።

ሊኑክስ_በጀበና፦

መምህር፣ ይህን ያሰሉበት ካልኩሌተር ስንት ቢት ነው?

ጡረተኛው_መምህር፦

እርሳስ ነው ልጄ።

ሳንቲም_ቆጣሪ፦

የመጨረሻ ዜና። ቀኖቹን 64 ቢት አደረግኩ፣ የድሮዎቹን መዝገቦች ቀየርኩ፣ 180ኛው ክፍያ መስከረም 1 ቀን 2033 ብሎ ታተመ፣ ቢሮም ላይ። የመዋጮው መስመር 24000000.00። አሁን ሳኒታይዘሩን አብርቼ የሁለት ዓመቱን መዝገብ በሙሉ እያስኬድኩት ነው፤ እስካሁን አንድ ክስ አቅርቧል፣ እሱንም አስተካክያለሁ፣ የወለድ ስሌት ውስጥ ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ የ1894ቱን ሰሌዳ ሳሳያቸው እየሳቁ «በአፄ ምኒልክ ጊዜ ክፍያ ያለፈበት አባል የለንም» ብለው ከጠረጴዛቸው መስታወት ሥር አድርገውታል። ወረቀቱን መልሱልኝ ብላቸው እምቢ አሉ።